እረኛውም መምህር ነው

በምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አጠገብ የሚገኘው የዲማ ጊዮርጊስ ደብር በቅኔ ትምህርቱ የታወቀ ነው። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ያደምጣል፤ ከዚያም ጸጥ ወዳለ ስፍራ ወጥቶ ለብቻው ይቆጥራል፤ ተመልሶም ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። ማስተዋል፣ መሞከር፣ መታረም፤ የሳይንስ ትምህርትም ከዚህ የተሻለ መንገድ የለውም።

ታዲያ የሥነ ሕይወት ተማሪዎቻችን ስለ ዕፅዋትና ስለ አራዊት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚማሩት ስለ ምንድን ነው? «ሃጌንያ አቢሲኒካ» ብሎ በፈተና ወረቀት ላይ ሳይሳሳት የሚጽፍ ተማሪ ከኮሶ ዛፍ ሥር ቢቆም ወንዴውን ከሴቴው ይለይ ይሆን? ኮሶ የሚያዘጋጁ አዛውንቶች ግን መድኃኒቱ ከሴቴው አበባ እንደሚገኝ ከአባቶቻቸው ተምረዋል።

ዱካ ማንበብም እንዲሁ ነው። በሞጣም ሆነ በቢቸና ገጠር ከብት ለሚያግድ ልጅ መማሪያ ክፍሉ መስኩ ነው። በእርጥብ መሬት ላይ አራት ጣትና የጥፍር ምልክት ከታየ፣ የፊት እግሩም ከኋላው ከሰፋ፣ ያለፈው ጅብ ሊሆን ይችላል። የነብር ዱካ ግን ጥፍር አያሳይም፤ ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ይሰበስባልና። ምክንያቱን መጽሐፍ ያብራራዋል፤ ዐይንን የሚያሠለጥነው ግን መስኩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል የታወቀበት ምርምር የተጀመረው በቤተ ሙከራ ሳይሆን በወንዝ ዳር ነበር።

እርግጥ ነው፣ የባህል ዕውቀት ሁሉ ትክክል ነው አይባልም። ኮሶ ትሉን ቢያስወጣም መጠኑ ሲያልፍ ይጎዳል፤ መጠንን መለካት የቤተ ሙከራ ድርሻ ነው። ዳሩ ግን ያልተመዘገበ ዕውቀት ሊመረመር አይችልም። ብዙ የመድኃኒት አዋቂዎች ዕውቀታቸውን በምስጢር የሚያወርሱት ለተመረጠ ልጅ ነው፤ ወራሽ ከጠፋ ዕውቀቱ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ዛፎቹም ቢሆኑ እየጠፉ ናቸው፤ በሰሜኑ ደጋ የቀረው የተፈጥሮ ደን በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ነው።

ስለሆነም የሳይንስ ፋኩልቲዎች፣ ለአካባቢው ቅርብ የሆነው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ጭምር፣ የሥነ ሕይወት ተማሪ በየዓመቱ አንድ ወር ከእረኛ፣ ከገበሬ ወይም ከመድኃኒት አዋቂ ጋር የሚውልበት፣ ነጥብ የሚያዝለት ትምህርት ሊያዘጋጁ ይገባል። ያስተማረው አዛውንት ስሙ ይመዝገብለት፤ ያለ ፈቃዱም ምስጢሩ አይውጣ። በእንዶድ አጠቃቀም ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ፓተንት መመዝገቡ ትምህርት ሊሆነን ይገባል።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግን ዩኒቨርሲቲ እስክትገቡ አትጠብቁ። በመጪው ክረምት ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ከአንድ አዛውንት ጋር ወደ ዱር ውጡ። በቀን የአንድ ተክል ስም፣ የሚበቅልበትን ስፍራና ጥቅሙን ጻፉ። ቅጠሉን ግን ሳትጠይቁ አትቅመሱ።