እጢው ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ?

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ አክስቴ ከደሴ ደወሉ። «ልጄ አንገቷ ላይ እጢ ወጥቶባታል። በመርፌ ቀድተው መረመሩና ነቀርሳ ነው አሉ። ብር ላኩልን፣ እናስቆርጥላት» አሉ። እናቴ ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች።

እዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ አለ። በአማርኛ ካንሰርም «ነቀርሳ» ይባላል፣ ቲቢም «የሳንባ ነቀርሳ» ይባላል። እናቴ የሰማችው ካንሰር ነበር። ሐኪሙ ግን ያሉት የእጢ ቲቢ ነው። ይህን ቃል ስትሰሙ «የትኛው ነቀርሳ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ራሴ ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር። የአንገት እጢ ላይም ይወጣል፤ አገር ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ ሳያም ቀስ እያለ ያብጣል። የልጅቷ ሳንባ ንጹሕ ስለሆነ ወደ ሰው አይተላለፍም ተብሏል። አክስቴ ግን ኩባያዋን ለይተውባት ነበር።

ታዲያ ለምን አይቆረጥም? እኔ የሶፍትዌር ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገሩ ግን ሥራዬን አስታወሰኝ፤ ስክሪን ላይ የወጣውን የስህተት መልእክት ብደብቀው ስህተቱ አይጠፋም። ጀርሙ በዚያ አንድ እጢ ብቻ ላይቀመጥ ይችላል። ቢላዋ የማይደርስበት ቦታ መድኃኒት በደም ዞሮ ይደርሳል። ደግሞም መግል የያዘ እጢ በምላጭ ከተከፈተ ቁስሉ ለወራት ሳይደርቅ እያዠ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የታዘዘላት ኪኒን ነው፤ ለ2 ወር አራት ዓይነት፣ ከዚያ ለ4 ወር ሁለት ዓይነት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል።

ክፉው ጊዜ ሁለተኛው ወር ነበር። እጢው ጭራሽ አበጠ፤ አጠገቡም ሌላ ወጣ። አክስቴ «አላልኳችሁም?» ብለው መድኃኒቱን ሊያስቆሟት ምንም አልቀራቸው። ሐኪሙ ኪኒኑን በትክክል እየወሰደች መሆኑን ጠየቁ፤ እንደገናም መረመሯት። ከዚያ ሰውነት ከጀርሙ ቅሪት ጋር ሲታገል እጢ ሊያብጥ እንደሚችል፣ ይህም መድኃኒቱ አልሠራም ማለት እንዳልሆነ አስረዱ። መግሉን በመርፌ ቀዱላት፤ ኪኒኑም ቀጠለ።

ቀዶ ጥገና ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በመርፌ የተወሰደው ናሙና መልስ ካልሰጠ፣ አንድ እጢ በቀዶ ጥገና ወጥቶ ይመረመራል። ካንሰር ይሁን ቲቢ በዚህ ይለያል። ሕክምናው አልቆ የሚያስቸግር እጢ ከቀረም ሊወጣ ይችላል። የሚገርመው፣ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ትንንሽ ልጆች የቲቢ ዘመድ በሆነ ሌላ ጀርም አንገታቸው ሲያብጥ፣ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ እጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣትን ይመርጣሉ። እብጠቱ አንድ ይመስላል፤ ሕክምናው ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ለቀዶ ጥገና ያዋጣነው ብር ለእንቁላል፣ ለወተትና ለታክሲ ዋለ። ልጅቷ ስድስቱን ወር ጨርሳለች። አንገቷ ላይ ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር ቀርታለች፤ ሐኪሙ ምንም አይደለም ብለዋል። አክስቴ ግን በቪዲዮ በደወልን ቁጥር «እስቲ አንገትሽን አዙሪና ይዩት» ይሏታል።