ለቤት የሚታዘዝ መብራት



መብራቱና ሌላው የኤሌክትሪክ ዕቃ በትንሽ ኮምፒዩተር የሚታዘዝበት ቤት በዘመናችን «ስማርት ቤት» ይባላል። ብዙዎች የባለጠጎች መጫወቻ አድርገው ይገምቱታል፤ ነገር ግን መጠነኛ ዕውቀትና ትዕግሥት ያለው ሰው በገዛ እጁ ሊያዘጋጀው ይችላል።

ዕቃ ከመግዛት አስቀድሞ፥ በቤት ውስጥ ማን በምን እንደሚቸገር ማየት ይገባል። ለምሳሌ ያህል፥ አረጋዊት እናት ሌሊት ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ ማብሪያውን በዳሰሳ የሚፈልጉ እንደ ሆነ፥ ይህን አንዱን ችግር ማስወገድ ለጀማሪ በቂ ሥራ ነው።

ቀጥሎ አዛዡ ወዴት እንደሚቀመጥ ይወሰናል። በገበያ ያሉ ብዙ ዕቃዎች ትእዛዝ የሚቀበሉት በኢንተርኔት አማካይነት በሩቅ ካለ ኩባንያ ነው። ኔስት የተባለው ኩባንያ በ2014 እ.ኤ.አ. የገዛውን የሪቮልቭን አገልግሎት በ2016 እ.ኤ.አ. በዘጋ ጊዜ፥ ገንዘብ ከፍለው በገዙት ሰዎች እጅ የቀረው የማይሠራ ዕቃ ነበር። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንደሚባለው፥ አዛዡ በቤት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሥራው አይቆምም።

ለዚህ የሚስማማው በ2013 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና ያለ ክፍያ የሚገኘው ሆም አሲስታንት የተባለው ፕሮግራም ነው። ራስፕቤሪ ፓይ 4 በሚባለው አነስተኛ ኮምፒዩተር ላይ ይጫናል። ከዚህም ጋር በዩኤስቢ የሚሰካ የዚግቢ ሬዲዮ፥ በባትሪ የሚሠራ የእንቅስቃሴ ሴንሰርና አንድ የዚግቢ አምፑል ያስፈልጋሉ። የኮምፒዩተሩ ዩኤስቢ 3 መሰኪያ የሬዲዮውን ሞገድ ስለሚያውክ፥ ሬዲዮውን በማራዘሚያ ገመድ ማራቅ ያሻል።

ከዚያም ለኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ይሰጠዋል፤ ይኸውም፦ እንቅስቃሴ በታየ ጊዜ፥ ሰዓቱ ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 11 ከሆነ፥ አምፑሉን በደብዛዛው አብራ፤ እንቅስቃሴው ከቆመ ከ3 ደቂቃ በኋላ አጥፋ የሚል ነው። የኮምፒዩተሩ ሰዓት አቈጣጠር እንደ አውሮፓውያን ስለ ሆነ፥ የምሽቱ 4 ሰዓት 22፡00፥ የሌሊቱ 11 ሰዓት 05፡00 ተብሎ ይጻፋል።

መጠንቀቅ የሚገባን ነገሮችም አሉ። የግድግዳው ማብሪያ ከጠፋ አምፑሉ ትእዛዝ አይሰማምና ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይነገር። ድንገት መብራት ሲጠፋ የኮምፒዩተሩ የማስታወሻ ካርድ ሊበላሽ ስለሚችል፥ የተጻፈው ሁሉ ቅጂ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። የግድግዳን ሽቦ መፍታት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው፤ 220 ቮልት ሰው ይገድላል። 10 አምፔር የተጻፈበት ስማርት መሰኪያ ከ2200 ዋት በላይ አይሸከምም፤ የእንጀራ ምጣድ ግን ብዙ ጊዜ ከ3000 ዋት በላይ ስለሚወስድ ፈጽሞ አይሰካበት።

በመጨረሻም፥ አሠራሩና የይለፍ ቃሉ በደብተር ተጽፎ፥ ለሌላ የቤተ ሰብ አባል በተግባር ይታይ። መብራቱን ያዘጋጀው ልጅ ወደ ሩቅ አገር ቢሄድ፥ እናቱ በጨለማ ሊቀሩ አይገባምና።