በደጃፋችን ያሉ ወፎች

ባለፈው ሳምንት ስለ ምንጭ ውኃ አጠባበቅ ጽፈን ነበር። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ወፍ ነው። “ስለ ወፍ ደግሞ ምን ይጻፋል? ወፍ ያው ወፍ ነው” የሚል አይጠፋም። እኛም እዚህ ስንመጣ እንደዚያው ነበር የምናስበው።

እኛ አስተማሪዎቹ ሦስት ነን። ሦስታችንም ያደግነው ከተማ ነው። በመጣን በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ያረፍንበት ቤት ባለቤት እማማ ቡና እየቆሉ፣ “ልጆቼ፣ ይህች የምትጮኸው ማን ናት?” ብለው ጠየቁን። “ወፍ ናት” አልናቸው። እማማ ሳቁ። “ወፍነቷንማ መች አጣሁት! የትኛዋ ወፍ ናት ነው ያልኳችሁ” አሉ። ዝም አልን። በዩኒቨርሲቲ ብዙ መጽሐፍ አንብበናል። የደጃፉን ወፍ ግን አናውቃትም። “ዋኖስ ናት” አሉን። “አንገቷ ላይ ጥቁር ምልክት አለ፤ እስቲ እዩት።” አየን። እውነትም አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወፍ ማየት ያዝን። አሁንማ ሱስ ሆኖብናል።

ወፍ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአገራችን ከ800 በላይ የወፍ ዓይነቶች ይገኛሉ። ደጋ ላይ ያለውን ትልቁን ቁራ ተመልከቱ። ምንቃሩ ወፍራም ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ይህ ቁራ ከአፍሪቃ ቀንድ ውጭ በየትም አገር አይኖርም። እሱን ለማየት ከባሕር ማዶ ገንዘብ ከፍሎ፣ መነጽር አንግቶ የሚመጣ ሰው አለ። እኛ ደግሞ ቆሻሻ መጣያው ላይ ቆሞ ስናገኘው በድንጋይ እናባርረዋለን።

ታዲያ እንዴት ነው የሚታየው? ጥሩው ጊዜ ማለዳ ነው፤ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት። ወፎች ምግብ የሚፈልጉት በዚያ ሰዓት ነው። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። አትነቃነቁ። መነጽር ባይኖርም ዓይን ይበቃል። መጀመሪያ ትልቀቱን እዩ፤ ድንቢጥ ያህላል? እርግብ ያህላል? ዶሮ ያህላል? ቀጥሎ ምንቃሩን እዩ።

ምንቃር የወፍ መሣሪያ ነው። አጭርና ወፍራም፣ እንደ ጉጠት ያለ ከሆነ፣ እህል ይሰብርበታል። ቀጭን፣ እንደ ወስፌ ያለ ከሆነ፣ ትል ይለቅምበታል፣ ወይም የአበባ ማር ይመጥበታል። ጫፉ እንደ ማጭድ የተቆለመመ ከሆነ፣ ሥጋ ይቦጭቅበታል። ይህን ስናስተምር አንዲት እናት እጃቸውን አነሱና፣ “ጎጆዋን ቅርንጫፍ ላይ የምትሰቅለው ቢጫዋ ወፍ ምንቃሯ ወፍራም ነው። ለጫጩቶቿ ግን ትል ስታጎርስ አይቻለሁ” አሉ። እኛ ይህን አላየንም ነበር። ሄደን ስናይ እርሳቸው እንዳሉት ሆነ። እህል የምትበላ ወፍም ጫጩቶቿን በትል ታሳድጋለች። ማሽላችንን ስትበላ ጠላት ናት፤ ትል ስትለቅም ደግሞ አጋዥ ናት። ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ምንቃር ብቻውን ሁሉን አይናገርም።

አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። የሌሊት ወፍ ወፍ አይደለችም። ስሟ አሳስቶን እንጂ፣ ላባ የላትም፣ እንቁላል አትጥልም። ልጇን ወልዳ ጡት ታጠባለች።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ከከብቶች እግር ሥር የምትሮጥ ቀጭን ወፍ አለች። ሆዷ ቢጫ ነው። ጭራዋን ላይና ታች ታወዛውዛለች። ከብቱ ሲራመድ ከሣሩ የሚነሳውን ዝንብና ትንኝ ትይዛለች። ይህች ወፍ የምትፈለፈለው በአውሮፓና በእስያ ነው። እዚያ ብርዱ ሲመጣ ወደ እኛ አገር ትሻገራለች። በመስከረም ግድም ትመጣለች፤ በሚያዝያ ግድም ትመለሳለች። ስለ እርሷ ሁለት ተማሪዎቻችን ተከራከሩ። አንዱ “ዘንድሮ ከመስቀል በፊት መጥታለች” አሉ። ሌላው “ኧረ ከመስቀል በኋላ ነው!” አሉ። ክርክሩ እስከ ማታ ቆየ። ማን ይፍረድ? የጻፈ ሰው የለም። በኋላ ሁለቱም ደብተር ገዙ። እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦

መስከረም 9። ማለዳ። ላሞች መካከል። 4 ወፍ። ሆዳቸው ቢጫ።

ይኸው ነው። አምስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። መቼ፣ የት፣ ስንት፣ ምን ዓይነት። ስሟን ካላወቃችሁ መልኳን ጻፉ። ስሟን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ ትንሽ አፍረን ነበር። ቢሆንም እንጻፈው። ከተማሪዎቻችን አንዱ የ5 ልጆች አባት ናቸው። አንድ ሌሊት ታናሹን ልጃቸውን ትኩሳት ያዘው። በዚያው ሌሊት ከቤታቸው ጀርባ፣ ወይራው ላይ ጉጉት ጮኸ። ጠዋት ስናልፍ ወንጭፍ ይዘው ዛፉ ሥር ቆመዋል። “ይህ ሟርተኛ ልጄን ሊወስድብኝ ነው” አሉ። እኛ ሳቅን። “ይህ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው” ብለን በሰው ፊት ተናገርን። አባትየው መልስ አልሰጡንም። ሁለት ማታ ከትምህርት ቀሩ።

ልጁ በታመመበት ሰው መሳቅ ነውር ነው። እማማ ሲሰሙ ተቆጡን። ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ልጁ ቶሎ ቶሎ ይተነፍስ ነበር። ተጋግዘን ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስነው። የሳንባ ምች ነው ተባለ፤ መድኃኒት ተሰጠው፤ ዳነ። ትኩሳት ያለው ሕፃን ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ “ነገ እንየው” አይባልም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ጉጉቱስ? ልጁ ከዳነ በኋላ ከአባትየው ጋር ዛፉ ሥር ሄድን። መሬቱ ላይ ጥቁር ድብልብል ነገር ወድቋል፤ እንደ አውራ ጣት ይወፍራል። ኩስ ይመስላል፤ አይደለም። ጉጉት አይጥ ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉዋን ይውጣታል። ሥጋው ሆዱ ውስጥ ይፈጫል። ጠጉሩንና አጥንቱን ግን ጠቅልሎ በአፉ ይተፋዋል። 4 ድብልብል በእንጨት አንስተን ውኃ ውስጥ ነከርን። ማታ ክፍል ውስጥ ቅጠል ላይ ፈታናቸው። የአይጥ ጥርስ፣ የአይጥ መንጋጋ፣ የአይጥ ራስ ቅል! የራስ ቅሉን የቆጠሩት አባትየው ናቸው። 9 ሆነ። ዘጠነኛውን አንስተው በኩራዙ ብርሃን አዩትና፣ “ይህች የእኔን ገብስ የበላችው ናት” አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እርሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ሁላችንም እጃችንን በሳሙና ታጠብን። እናንተም ብትሞክሩት እጅ መታጠቡን አትርሱ።

የጉጉት ፊት እንደ ሰፌድ ክብ ነው፤ ድምፅ ይሰበስብለታል። የላባው ጫፍ ለስላሳ ስለ ሆነ ሲበርር አይሰማም። አይጧ ሳትሰማው ይደርስባታል። የአይጥ መርዝ የምትጠቀሙ ግን አስተውሉ። መርዝ የቀመሰች አይጥ የበላ ጉጉት እርሱም ሊሞት ይችላል።

አባትየው ጉጉትን ወደዱት ማለት አይደለም። አሁንም ሲጮህ ያማትባሉ። ወንጭፉ ግን ከተሰቀለበት አልወረደም። ባለፈው ሐሙስ ደብተራቸውን አሳዩን። ፊደሉ ትንሽ ተንጋዷል፤ ግን ይነበባል። እንዲህ ይላል፦

ማክሰኞ። ሌሊት። ጉጉት መጣ። 1። ወይራው ላይ። ጮኸ። ልጁ ተኝቷል።