ደሙ ሄዶ ውጤቱ ሲቀር

እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በኡጋንዳና በዚምባብዌ ዳርት የተባለ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ከ3,300 የሚበልጡ፣ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ገና የሚጀምሩ ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የመጀመሪያውን ቡድን የሚያክሙ ሐኪሞች በየ12 ሳምንቱ የሲዲ ፎር፣ ማለትም የበሽታ ተከላካይ ሴሎች ቆጠራን፣ እና የሌሎች ምርመራዎችን ውጤት ያያሉ፤ የሁለተኛው ቡድን ሐኪሞች በአብዛኛው በታካሚው ላይ በሚታየው ምልክት ይመራሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከመጀመሪያው ቡድን 90 በመቶ፣ ከሁለተኛው 87 በመቶ በሕይወት ነበሩ። ልዩነቱ ትንሽ ስለነበር ብዙዎች «ላቦራቶሪ የለም ተብሎ ሕክምና አይዘግይ» የሚል ትምህርት ወሰዱበት፤ ልክም ነበሩ። እኔን የሚይዘኝ ግን ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ዝርዝር ነው። የሁለቱም ቡድን ታካሚዎች ደም ይቀዳ ነበር፤ የሁለቱም ይመረመር ነበር። የሁለተኛው ቡድን የሲዲ ፎር ውጤት ነው ለሐኪሙ የማይሰጠው። እንግዲህ ጥናቱ የመዘነው የምርመራውን ጥቅም ነው ከማለት፣ ውጤቱ አካሚው እጅ የመግባቱን ጥቅም ነው ማለት ይቀርባል። በዚህ ዐይን ካየነው፣ ዛሬ አቅማቸው ውስን በሆኑ አገሮች የሚገኙ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ማንም ዕጣ ሳያወጣባቸው ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ተመድበዋል። ደሙ ይሄዳል፣ ማሽኑ ያነበዋል፣ ወጪው ይወጣል፤ ውጤቱ ግን ሕክምናውን ሊለውጥ በሚችልበት ጊዜ አይደርስም።

ወደዚህ የደረስነው በበጎ ሐሳብ ነው። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር ክትትሉ በሲዲ ፎርና በሕመም ምልክት ላይ የቆመ ነበር። ሲዲ ፎር ግን ዘግይቶ የሚናገር ምስክር ነው፤ የሚወርደው ቫይረሱ ለወራት ከተባዛ በኋላ ነው። አንዳንዴም መድኃኒቱ በደንብ እየሠራለት ያለን ሰው «አልሠራለትም» ብሎ ይከሳል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ቫይረሱን ራሱን የሚቆጥረው የቫይራል ሎድ ምርመራ ተመራጭ እንዲሆን መከረ፦ በስድስተኛው ወር፣ በዓመቱ፣ ከዚያም በየዓመቱ። በአንድ ሚሊ ሊትር 1,000 ኮፒ መለያ መስመር ሆነ። በ2014 እ.ኤ.አ. ሮሽ የተባለው አምራች ለድሃ አገሮች የአንዱን ምርመራ ዋጋ ወደ 9.40 ዶላር ዝቅ አደረገ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የማሽንና የቁጥር ዘመን ነው፤ ስንት ላቦራቶሪ ተከፈተ፣ ስንት ናሙና ተመረመረ።

የመሄጃው መንገድ የሚያኮራ ሥራ ተሠርቶበታል፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ንፉግነት ነው። ኡጋንዳ ናሙና በሞተር ብስክሌት ከጤና ጣቢያ እየሰበሰበች ወደ ካምፓላው ማዕከላዊ ላቦራቶሪ የምታደርስበትን መረብ ዘረጋች። በኢትዮጵያ ፖስታ ቤት ከደብዳቤው ጋር የደም ናሙና ማመላለስ ያዘ። ደም ከተቀዳ በኋላ ፕላዝማው በ24 ሰዓት ውስጥ መለየት አለበት፤ ያ በማይቻልበት ቦታ ጠብታው በካርድ ላይ ደርቆ ይላካል። የመመለሻው መንገድ ግን ይህን ያህል አስተዋይ አልገጠመውም። እስቲ እናስላው። በቀጠሮዋ ቀን ደም የሰጠች እናት የስድስት ወር መድኃኒቷን ተቀብላ ትሄዳለች፤ ይህ የረጅም ቀጠሮ አሠራር በኢትዮጵያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ታካሚውን ከወረፋና ከመንገድ ወጪ ያሳረፈ መልካም ነገር ነው። ውጤቱ በአንድ ወር ቢመለስ እንኳ የሚጠራት ከሌለ ካርዷ ውስጥ አምስት ወር ይተኛል። ስትመጣ «ቫይረሱ ከፍ ብሏል» ትባላለች፤ ሦስት ወር የምክር አገልግሎት ታገኛለች፤ እንደገና ደም ትሰጣለች፤ ያም ውጤት በተራው ይጠበቃል። ሁሉም በመመሪያው መሠረት ሆኖ፣ ማንም ሳያጠፋ፣ ከመጀመሪያው ደም እስከ ውሳኔው አንድ ዓመት ሊሞላ ይችላል። ሴትየዋ የምታጠባ ከሆነች ያ ዓመት የሕፃኑም ዓመት ነው።

መመለሻውን ማሳጠር ለውጥ እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ የተካሄደውና በ2020 የታተመው ስትሪም የተባለ ጥናት 390 ሰዎችን ያዘ። ሁለቱም ቡድኖች ያው መድኃኒትና ያው የቫይራል ሎድ ምርመራ ነበራቸው፤ የአንደኛው ውጤት ግን እዚያው ክሊኒክ በዚያው ዕለት ይነገር ነበር። በዓመቱ በሕክምና ላይ ቆይተው ቫይረሳቸውም ዝቅ ያለላቸው በዕለቱ ከተነገራቸው 90 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከተከታተሉት 76 በመቶ ነበሩ። በእርግጥ በአንደኛው ቡድን የነርሶች የሥራ ድርሻም ተለውጦ ስለነበር ሙሉውን ልዩነት ለማሽኑ መስጠት አይቻልም። ይህ ግን ክርክሬን የሚያጠናክር ይመስለኛል፤ የሠራው ማሽንና ነርስ አብረው የሠሩት ፍጥነት ነውና።

ብርቱው ተቃውሞ ከመድኃኒቱ በኩል ይመጣል። ዶሉቴግራቪር የተባለው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከመጣ ወዲህ፣ ይላሉ ተቃዋሚዎቹ፣ ቫይረሱ በቀላሉ አይላመድም፤ ታዲያ ይህን ሁሉ ቆጠራ ምን አመጣው? መድኃኒቱ ብርቱ መሆኑ አያከራክርም። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በዚምባብዌ የተደረገው ናዲያ ጥናት አጋዥ መድኃኒቶቹን ቫይረሱ በተላመደባቸው ሰዎች ላይ እንኳ እንደሚሠራ አሳይቷል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ዘገባ ይህን መድኃኒት የመላመድ መጠን በአንዳንድ የዳሰሳ ጥናቶች ከ3.9 እስከ 8.6 በመቶ፣ ቫይረሳቸው ከፍ እንዳለ ወደዚህ መድኃኒት በተዛወሩት ዘንድ ደግሞ እስከ 19.6 በመቶ ደርሶ ተገኝቷል። ከዚህም በላይ ዶሉቴግራቪር ያደረገው የከፍተኛ ውጤትን ትርጉም መለወጥ ነው። ድሮ ከፍ ያለ ቁጥር «መድኃኒቱ ይቀየር» ወደሚል ጥያቄ ይመራ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው የሚለው «ክኒኑ እየተዋጠ አይደለም» ነው። መፍትሔው ሪፈራል ሆስፒታል ሳይኬድ እዚያው ጤና ጣቢያ የሚገኝ ውይይት ነው፦ ምግብ ስላጣች ነው፣ ባሏ እንዳያውቅ ስለደበቀች ነው፣ ፀበል ስለገባች ነው፣ ወይስ ስለታከታት? ይህ ውይይት ከስድስት ወር በኋላ ሲደረግ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሌላው ተቃውሞ ራሱን ዳርትን ይጠቅሳል፦ ውጤቱን አለማየት የጎዳው በሦስት በመቶ ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን? መልሱ በዳርት ታካሚውን በየአራት ሳምንቱ ነርስ ታየው ነበር የሚል ነው። የዛሬው ታካሚ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ሊታይ ይችላል። የሰው ዐይን ሲርቅ የላቦራቶሪው ሸክም ይከብዳል። በዚያ ላይ ዳርት ቫይራል ሎድን አልፈተነም፤ ዋና መለኪያዎቹም ሞት፣ ከባድ ሕመምና የመድኃኒት ጉዳት ነበሩ። ቫይረሱ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍ ዛሬ እናውቃለን። ስለዚህ የአንድ ሰው ውጤት የትዳር ጓደኛውም ጉዳይ ነው።

ታዲያ በየጤና ጣቢያው ማሽን ይተከል? አይመስለኝም። የማዕከላዊ ላቦራቶሪ ማሽን በአንድ ዙር ብዙ ናሙና ስለሚያነብ ለአብዛኛው ታካሚ ርካሹ መንገድ እሱ ነው። ለቲቢ ተብሎ የገባው ጂን ኤክስፐርት ግን ቫይራል ሎድም ስለሚሠራ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶች፣ ለሕፃናትና ቀድሞ ከፍተኛ ውጤት ለነበራቸው ቅድሚያ ሊሰጥ ይችላል። ለቀሩት የሚያስፈልገው ሰው ነው። የስልክ መልእክት ይበቃል የሚሉ፣ ስልኩን ቤተሰብ ሁሉ በሚያነሳበት ቤት «ውጤትዎ መጥቷል» የሚል ጽሑፍ ምን እንደሚያስከትል ያሰቡ አይመስሉም። ጎረቤት እንዳያያቸው ሩቅ ክሊኒክ መርጠው የሚከታተሉና አድራሻቸውን አዛብተው የሚያስመዘግቡም አሉ። እነዚህን ፈልጎ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ራሱ ከቫይረሱ ጋር የሚኖር፣ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ እንዲወስዱ የሚደግፍ ሠራተኛ (አድሄራንስ ሰፖርተር ወይም ኬዝ ማናጀር) ነው። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ ደመወዛቸው በእርዳታ ገንዘብ ላይ የተንጠለጠለ የጤና ሠራተኞች ከሥራ ወጥተዋል። ማሽን ንብረት ሆኖ ይመዘገባል፤ ሰው ግን በኮንትራት ነው።

የጤና ጣቢያዎቹ ሪፖርትም ውጤት ለታካሚው ያለመድረሱን ጉድለት ይሸፍናል። ብዙውን ጊዜ የሚታየው፣ ቫይረሳቸው ዝቅ ያለላቸው ሰዎች መቶኛ የሚሰላው ውጤታቸው ካርዳቸው ውስጥ ከተገኘላቸው ሰዎች ነው፤ ውጤቱ የጠፋበት ታካሚ ከስሌቱም ይጠፋል። በዚህ ስሌት 95 በመቶ ላይ የደረሰ ተቋም ስንት ሰው እንደዘነጋ ላያውቅ ይችላል። ሁለት ሌሎች ቁጥሮችን ብንጠይቅ ሥዕሉ ይለወጣል፦ ደም ከተቀዳበት እስከ ተነገረበት ስንት ቀን ሆነ፣ ከፍተኛ ውጤት ካገኙት ስንቱ ድጋሚ ምርመራ አገኙ። ነርሷ ከወረቀት ብዛት መተንፈሻ አጥታለች የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ ተጨማሪ ቅጽም አልመኝላትም። ላቦራቶሪው ደሙ የተቀዳበትን፣ የደረሰበትንና የተመረመረበትን ቀን አሁንም ይጽፋል። የሚጨመረው አንድ ዓምድ ነው፤ ለታካሚው የተነገረበት ቀን። የወረዳው ተቆጣጣሪም ሲመጣ መዝገቡን ከዚያ ዓምድ ይጀምር፤ ባዶ የሆነውን ረድፍ እየቆጠረ።