ከሳይንስ ዓለም፦ ዝም ብላ የምትታመም ዕጢ

አንባቢ ሆይ! እስቲ ሁለት ጣቶችህን ከማንቁርትህ ዝቅ አድርገህ አኑርና ምራቅህን ዋጥ። ከጣቶችህ ሥር ከፍና ዝቅ የምትል፣ ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ አለች። ሐኪሞች ታይሮይድ ይሏታል። ስታብጥ ግን አገራችን አሳምሮ ያውቃታል፤ እንቅርት የምንለው የእርሷን እብጠት ነው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ተማሪዬ «የአቶም ጨረር ሰውን ሲያገኘው ሰውነቱን ሁሉ እኩል አይጎዳውምን? ስለ ምን ይህች ዕጢ ተለይታ ትነሣለች?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱ ከሥራዋ ይገኛል። ታይሮይድ ለሰውነት ዕድገትና ሙቀት የሚያስፈልገውን ሆርሞን የምትሠራው ከአዮዲን ስለ ሆነ፣ በደም የሚያልፈውን አዮዲን እየለቀመች ታከማቻለች። አቶም ሲሰነጠቅ ደግሞ አዮዲን 131 የሚባል ጨረር አመንጪ ይወለዳል። ዕጢዋ ይህን ከደኅናው ለይታ አታውቀውም። ምግቧ መስሏት ትሰበስበዋለች፤ እርሱም ኀይሉ በየ8 ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ እስኪያልቅ ድረስ በውስጧ ተቀምጦ ይፈጃታል። የሕፃን ዕጢ ትንሽ ስለ ሆነች ያው መጠን በእርሷ ላይ እጅግ ይከብዳል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1954 ዓ.ም. አሜሪካ በፓሲፊክ ውቅያኖስ፣ በቢኪኒ ደሴቶች፣ ብራቮ የተባለውን የሃይድሮጅን ቦምብ ፈተነች። 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሮንጌላፕ ላይ ነጭ አመድ ዘነበ፤ ልጆችም ተጫወቱበት። ሰዎቹ ከዚያ የተነሡት ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። የብዙዎቹ ቆዳ ቆሰለ፣ ጠጕራቸው ረገፈ። ቍስሉ ዳነ፣ ጠጕሩም በቀለ። በ1957 ወደ ደሴታቸው ተመለሱ። በየዓመቱ የሚመረምሯቸው ሐኪሞች በ1963 የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ አንገት ሲዳስሱ እብጠት አገኙ። ከዚያ ወዲህ አመዱ በወረደ ጊዜ ከ10 ዓመት በታች ከነበሩት አብዛኞቹ ተከተሏት። ያን ጊዜ ጨቅላ የነበሩ ሁለት ወንዶች ልጆች ደግሞ ዕጢያቸው ሟሽሻ ዕድገታቸው ወደ ኋላ ቀረ።

በእነዚያ 9 ዓመታት ውስጥ ዕጢዋ ምን ስትሆን ኖረች? ታይሮይድ የጥቃቅን ከረጢቶች ክምችት ናት፤ የእያንዳንዱ ከረጢት ግድግዳ አንድ ረድፍ ሴል ነው። ጨረሩ በሴሉ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ይሰብራል። ክፉኛ የተመታው ሴል ይሞታል፤ ከረጢቱ ይሟሽሻል፣ ጠባሳም ይተካበታል። ሌላው ሴል ስብራቱን ይጠግናል፤ አንዳንዱ ግን አጣሞ ይጠግነዋል። ከቼርኖቤል አደጋ በኋላ ከታመሙት ሕፃናት በብዙዎቹ ዕጢ ውስጥ አር ኢ ቲ የተባለው ጂን ተቆርጦ ከሌላ ጂን ጋር ተቀጥሎ ተገኝቷል። እንዲህ የተቀጠለ ጂን ሴሉን ያለ ዕረፍት «ተባዛ» እያለ ያዘዋል።

እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የሚከተለው ነው። ሆርሞኑ ሲያንስ በአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ «በርቱ» የሚል ትእዛዝ ትልካለች። የቢሮ ሰው ከሆንህ ነገሩን ታውቀዋለህ፤ ግማሹ ሠራተኛ ሲጎድል ሥራው ሁሉ በቀሩት ትከሻ ላይ ይወድቃል። የተረፉት ሴሎች፣ የተጣመመውም ጭምር፣ ይባዛሉ። ሰውነት ጉድለቱን ለመሙላት ሲደክም ጉዳቱን ያራባዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንገት አያምም፣ ጣትም አንዳች አያገኝም፤ የትእዛዙ መብዛት ግን በደም ምርመራ ሊታወቅ ይችላል።

ቼርኖቤል ኤፕሪል 26 ቀን 1986 በፈነዳ ጊዜ ፖላንድ በሦስተኛው ቀን ጀምራ ከ10 ሚሊዮን ለሚበልጡ ሕፃናት ደኅናውን አዮዲን አጠጣች። የጠገበች ዕጢ መርዙን አትቀበልምና። በቤላሩስና በዩክሬን ግን ብዙ ልጆች ጨረር የወረደበትን ሣር የጋጡ ላሞችን ወተት ጠጡ፤ ከ1990 ገደማ ጀምሮም የዕጢዋ ነቀርሳ በመካከላቸው በዛ። አፈሩ አዮዲን በሚያንሰው ቦታ የነበሩት ደግሞ የባሰ ተጎዱ፤ የተራበች ዕጢ አብዝታ ትሰበስባለች። አብዛኞቹ በቀዶ ሕክምና ድነዋል፤ ነገር ግን ዕጢዋ ወጥታ የተጣለችላቸው ዕድሜ ልካቸውን በየቀኑ የሆርሞን ክኒን ይውጣሉ። በአንገታቸው ላይ የቀረውን ጠባሳ የአገሩ ሰዎች «የቼርኖቤል ሐብል» ይሉታል።