አሮጌው ኮምፒዩተር አልነሳ ሲል

በብዙ የከተማ ቤተሰብ ዘንድ አሮጌው ኮምፒዩተር ከዕቃነት ያለፈ ግምት አለው። የልጆች የትምህርት ጽሑፍ፣ የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፍ፣ የዕቁቡ ሒሳብ ሁሉ የሚቀመጠው በእሱ ውስጥ ነው። ይሁንና አንድ ቀን ሲከፈት መነሻው ላይ ተገትሮ ቢቀር ወዲያው ወደ ጠጋኝ እንሮጣለን፤ ጠጋኙ «ፎርማት ይደረግ» ሲለንም ሳናመነታ እንስማማለን። እናቶች ሆይ፣ ፎርማት ማድረግ ማለት በዲስኩ ላይ ያለውን ጽሑፍና ፎቶግራፍ ማጥፋት ማለት መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ለመሆኑ ከዚያ በፊት በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

በመጀመሪያ ፍላሽ፣ ፕሪንተርና የስልክ ገመድ ሁሉ ይነቀል። ተረስቶ የተሰካ ፍላሽ ኮምፒዩተሩ መነሻውን ከእሱ ላይ እንዲፈልግና በዚያው እንዲቆም ሊያደርገው ይችላል። ቀጥሎ ይጥፋና ገመዱ ከሶኬት ይነቀል፤ ላፕቶፕ ሆኖ ባትሪው የሚወልቅ ከሆነም ይውጣ። ከዚያ ማብሪያውን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጣል። አንዳንድ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል።

ሲከፈት ቀኑና ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ከታየ፣ በውስጡ ያለችው ሳንቲም መሳይ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ሳታልቅ አትቀርም። በብዙዎቹ ላይ የምትገኘው ሲአር 2032 የምትባለው ስትሆን ዋጋዋ ቀላል ነው። ደጋግሞ «ጢጥ ጢጥ» የሚል ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ራም የተባለው ክፍል ከቦታው ላልቷል ወይም ተበላሽቷል፤ ባለሙያ አውጥቶ፣ አጽድቶ ቢመልሰው ሊነሳ ይችላል።

የዊንዶውስ ዓርማ ከታየ በኋላ የሚቆም ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከፕሮግራሙ ወይም ከዲስኩ ነው። በዊንዶውስ 7 ገና ሲከፈት ኤፍ 8ን ደጋግሞ በመጫን «ሴፍ ሞድ» በሚባለው መንገድ ማስነሳት ይሞከራል። ዊንዶውስ 10 ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሳይጨርስ ከቀረ የጥገናውን ገጽ ራሱ ያመጣል።

ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚያሻው ከውስጡ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ነው። ይህ የሃርድ ዲስክ መድከም ምልክት ስለሆነ ደጋግሞ መክፈት ጉዳቱን ያባብሰዋል። ወዲያው አጥፍቶ ወደ ባለሙያ መውሰድ ነው።

ጠጋኙ ዘንድ ሲደረስም የመጀመሪያው ቃል «ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ጽሑፉንና ፎቶግራፉን ገልብጥልኝ» የሚል ይሁን። ኮምፒዩተሩ ባይነሳም እንኳ ዲስኩ ደኅና ከሆነ አውጥቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር በማያያዝ መገልበጥ ይቻላል። ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ኮምፒዩተራችሁ ዛሬ ደኅና የሚነሳላችሁ እናቶችም ጊዜ ሳታጠፉ ዋና ዋናውን በሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ገልብጣችሁ ለብቻው አስቀምጡ። ዕቃው ቢበላሽ በሌላ ይተካል፤ የልጅ የመጀመሪያ ልደት ፎቶግራፍ ግን ከገበያ አይገዛም።