ለጋ ሳንባ ግፊት ይፈልጋል

ሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ትንፋሹ እየፈጠነ፣ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ እየገባ ሲመጣ፣ ሁላችንም የምንጠይቀው ስለ አንቲባዮቲክና ስለ ኦክስጅን ነው። ሁለቱም የግድ ናቸው። እኔ ግን ጋምቤላን በመሰለ ቦታ የአየር ግፊትም ከእነሱ እኩል ሊታሰብበት ይገባል እላለሁ፤ የሕፃን ሳንባ ቧንቧ የሚጠብበት መንገድ ከአዋቂው ይለያልና።

ስሌቱን እንየው። የአየር ቧንቧ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ አየሩ የሚገጥመው ተቃውሞ 16 እጥፍ ይሆናል። 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ቢያብጥ ተቃውሞው ወደ 3 እጥፍ ያድጋል። ያው እብጠት 4 ሚሊ ሜትር በሆነ የሕፃን ቧንቧ ላይ ሲመጣ ግን 16 እጥፍ ያደርሰዋል። ለእናቲቱ ሳል ብቻ የሆነው በሽታ ልጇን ትንፋሽ የሚያሳጣው በዚህ የተነሣ ነው።

ነገሩ በስፋት ብቻ አያበቃም። ትንንሾቹ ቧንቧዎች በራሳቸው ጸንተው አይቆሙም፤ ሳንባ በአየር ሲነፋ በዙሪያቸው ያለው አካል፣ ገመድ ድንኳንን እንደሚወጥር፣ ወደ ውጭ ይጎትታቸዋል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ቴፐርና ሱዛን ገንስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ቧንቧ የሚያጠብ መድኃኒት ለጥንቸሎች ሰጥተው ሲመለከቱ፣ የግልገሎቹ ቧንቧ ካደጉት ይልቅ አብዝቶ ጠበበ። የሳንባው ግፊት ከፍ ሲል ደግሞ ጥበቱ ቀለለ። በለጋ ሳንባ ውስጥ ጉተታው ልል ነው ማለት ነው። እርግጥ በመድኃኒት የተቀሰቀሰ ጥበትና አክታ የሞላው ሳንባ ምች አንድ አይደሉም፤ ያም ሆኖ ቧንቧውን ከፍቶ የሚያቆየው ኃይል ያው ነው።

በጋምቤላ ለዚህ ለጋ ሳንባ ጭስ ይጨመርበታል። ኑዌሮች ከብቶቻቸውን ከትንኝ ለመከላከል እበት ያጨሳሉ። በኩሌ፣ በቲርኪዲና በጄዊ መጠለያዎች ያሉ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች በማገዶ ያበስላሉ፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ደግሞ ከእናቱ ጎን አይለይም። እናቶችን መውቀስ ግን አይገባም፤ ጭሱን ቢያጠፉት የወባ ትንኝ ይጠብቃቸዋል።

ግፊት የሚሰጠው መሣሪያ፣ ባብል ሲፓፕ የሚባለው፣ ቀላል ነው። ኦክስጅን በአፍንጫ ይገባል፤ የመውጫው ቱቦ ጫፍ ውኃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። 5 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ፣ ልጁ አየር ሲያወጣም የዚያኑ ያህል የውኃ ግፊት ሳንባው ውስጥ ስለሚቀር ቧንቧዎቹ ጨርሰው አይዘጉም። ውኃው ቡልቅ ቡልቅ ማለቱን ካቆመ አየር በሆነ ቦታ እያመለጠ ነው፤ የአፍንጫውን ቱቦ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ባንግላዴሽ ውስጥ ዶክተር ጆባየር ቺስቲ ለዚህ የሻምፑ ጠርሙስ ተጠቅመዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናታቸው፣ የተለመደውን በዝቅተኛ ፍሰት የሚሰጥ ኦክስጅን ካገኙት ልጆች 15 በመቶው ሲሞቱ፣ በጠርሙሱ ከታከሙት የሞቱት 4 በመቶ ነበሩ። በእኛም አገር በ12 ሆስፒታሎች የተደረገውና በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ሕክምናው የከሸፈባቸው ልጆች መቀነሳቸውን አሳይቷል።

የማላዊው ውጤት ግን ሊያስደነግጠን ይገባል። ሐኪም በየቀኑ በማይከታተልበት የወረዳ ሆስፒታል በተደረገውና በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት፣ በሲፓፕ ከታከሙት 17 በመቶ፣ በኦክስጅን ብቻ ከታከሙት 11 በመቶ ሞተዋል። ስለዚህ ጋምቤላ ላይ ጠርሙስና ቱቦ ከማከፋፈል በፊት የሌሊት ተረኛ ነርሶች ይሠልጥኑ፤ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ይጀመር። ሌሊት የሚከታተል ባለሙያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ለጊዜው ኦክስጅኑ ይቀጥል፤ ልጁንም ሪፈር ወደተባለበት ሆስፒታል ቶሎ የሚያደርስ አምቡላንስ ይመደብ።